የራግቢ ልጃገረዶች፦ አንድ የወንዶች ትምህርት ቤት በሩን ለሴቶች ለመክፈት ለምን አራት መቶ ዓመት ፈጀበት?

እንግሊዝ አገር «ፐብሊክ ስኩል» ሲባል የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዓመት ከ40,000 ፓውንድ በላይ የሚከፈልበት፣ ልጆች አዳሪ ሆነው የሚማሩበት፣ መንግሥት የማያስተዳድረው ትምህርት ቤት ማለት ነው። ስያሜው የድሮ ነው። በዚያን ዘመን ሀብታም ሰው ቤቱ አስተማሪ ቀጥሮ ልጁን ያስተምር ነበር። «ፐብሊክ» የተባለው ከዚያ የሚለየው፣ ከየትም የመጣ ልጅ ሊገባበት በመቻሉ ነው። ለሕዝብ ክፍት ነው፤ መክፈል ለሚችል ሕዝብ። ዛሬ ብዙዎቹ «ኢንዲፔንደንት» መባልን ይመርጣሉ።

ከእነዚህ መካከል ስሙን ሁላችንም የምናውቀው አንድ አለ፤ ራግቢ። ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ስፖርት ማለቴ አይደለም። ስፖርቱ ስሙን የወሰደው ከትምህርት ቤቱ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከከተማው። ከተማው ዎሪክሽር በሚባለው የመካከለኛው እንግሊዝ ክፍል ይገኛል። ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ1567 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሴት ተማሪዎችን የተቀበለው ግን በ1975። በመሃል 408 ዓመት አለ። ሴቶች እንደ ወንዶቹ ከ13 ዓመታቸው ጀምረው እንዲገቡ ለመፍቀድ ደግሞ ሌላ 17 ዓመት ጨመረ።

ለምን ያን ያህል ቆየ? ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ትውፊት» የሚል ነው። እኔ ግን የዚህን ትምህርት ቤት ታሪክ ሳይ ትውፊቱ ራሱ በየዘመኑ ሲፈርስና ሲሠራ ነው የማገኘው።

የቅመም ነጋዴው ኑዛዜ

መሥራቹ ሎረንስ ሸሪፍ ለንደን ውስጥ ቅመማ ቅመም የሚነግድ ሰው ነበር። ደንበኛው ተራ ሰው አልነበረችም፤ በኋላ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ተብላ የነገሠችው ናት። ሰውየው ሲሞት፣ ለተወለደበት አካባቢ ወንዶች ልጆች ነፃ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ተናዘዘ። ለማስኬጃ የተወው ከለንደን ወጣ ብሎ የነበረ የሜዳ ድርሻውን ነው። 8 ኤከር ገደማ፣ ማለትም ከ3 ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ።

ያኔ ሣር ብቻ ነበር። ከዚያ ለንደን እየሰፋች መጣችና ሜዳውን ዋጠችው። ቤት ተሠራበት፣ ኪራዩ እየጨመረ ሄደ፣ ትምህርት ቤቱም ሀብታም ሆነ። ዛሬ መሃል ለንደን «ራግቢ ስትሪት» የሚባል መንገድ ብታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሀብት ሲመጣ የሚሆነው ሆነ። ከሩቅ የሚመጡ፣ ከፍለው የሚማሩ አዳሪዎች በዙ። ነፃ ይማሩ የተባሉት የአካባቢው ልጆች ዳር ያዙ። በ1860ዎቹ መንግሥት ስማቸው የገነኑ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶችን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። በ1868 ደግሞ ከእነሱ ሰባቱን፣ ራግቢን ጨምሮ፣ የሚመለከት ሕግ ወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ ለከተማው ወንዶች ልጆች በመሥራቹ ስም ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ኑዛዜው የተጻፈላቸው ልጆች የሟቹን ስም ይዘው ወደ ጎረቤት ሄዱ እንደ ማለት ነው። ትልቁ ግቢ በአመዛኙ ለከፋዮቹ ቀረ።

እንግዲህ የመሥራቹ ሐሳብ የተለወጠው ሴቶቹ ከመምጣታቸው መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። ያኔ ግን «ትውፊት ፈረሰ» ተብሎ ብዙም ሲጮህ አልተሰማም።

ባሩድና አርኖልድ

የድሮው አዳሪ ትምህርት ቤት ጨዋ ቦታ እንዳይመስላችሁ። በ1797 የራግቢ ተማሪዎች አምፀው ነበር። ነገሩ የጀመረው በባሩድ ነው። አንድ ልጅ ባሩድ ከየት እንዳገኘ ተጠይቆ ነጋዴ ጠቆመ፤ ነጋዴው ካደ፤ ልጁ ተገረፈ። ጓደኞቹ ሄደው የነጋዴውን መስኮት ሰባበሩ። ርዕሰ መምህሩ ሄንሪ ኢንግልስ «ክፈሉ» ሲሏቸው የርዕሰ መምህሩን የመማሪያ ክፍል በር በባሩድ አፈነዱት። ዴስክና መጽሐፍ አውጥተው አቃጠሉ። መጨረሻ ላይ ወታደር ተጠርቶ፣ ልጆቹ በግቢው ውስጥ ውሃ በተሞላ ቦይ ወደ ተከበበች ጉብታ ሸሽተው እጃቸውን ሰጡ።

ትምህርት ቤቱን የዛሬውን መልክ ያስያዘው ቶማስ አርኖልድ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ግቢ ነው የተረከበው። ከ1828 እስከ ሞተበት እስከ 1842 ርዕሰ መምህር ነበር። ቄስም ነበር። ከሁሉ በፊት ሃይማኖትና ምግባር፣ ቀጥሎ ጨዋነት፣ እውቀት በሦስተኛ ደረጃ ይል ነበር። ልጆቹን በልጆች ማስተዳደር የሚለውን የቆየ ልማድ ወስዶ አስተካከለው። ትልልቆቹን ተማሪዎች አለቃ አደረጋቸው፣ ኃላፊነት ሰጣቸው፣ ለሱ ተጠሪ አደረጋቸው። የእኛን የክፍል ሞኒተር አስቡና ሥልጣኑን አሥር እጥፍ አድርጉት። ሞኒተር ስም ይጽፋል። እነዚህ ይቀጡ ነበር።

ከዚህ ጎን ለጎን «ፋጊንግ» የሚባል ነገር ነበር። ታናሹ ተማሪ ለታላቁ ይላላካል፤ ጫማ ይጠርጋል፣ ዳቦ ይጠብሳል፣ እሳት ያነዳል። በአጭሩ አሽከር ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ልማድ የከሰመው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። ማለትም ሴቶቹ በገቡበት ዘመን።

አርኖልድ ለኳስ ግድ አልነበረውም። ይህን የማነሳው ስሙ ሁልጊዜ ከስፖርት ጋር ስለሚያያዝ ነው። ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪው ስለ ትምህርት ቤቱ ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ ኳስና ጡንቻ የበዛበት ነበር፣ በጣምም ተነበበ። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርቲን በልጅነቱ ካነበቡት አንዱ ነው። ሰውየው በ1880ዎቹ እንግሊዝ ሄዶ ራግቢን ጎበኘ፣ የአርኖልድን መቃብር አየ፣ «በስፖርት ሰው ማነፅ» የሚለውን ሐሳብ የአርኖልድ ነው ብሎ ያዘ። በኋላ ዘመናዊውን ኦሊምፒክ ያቋቋመው እሱ ነው። ቄሱ ቢሰሙ ይገረሙ ነበር።

ኳሷን ይዞ የሮጠው ልጅ

ስለ ራግቢ ካወራን ዊልያም ዌብ ኤሊስን መዝለል አይቻልም። ግቢው ውስጥ በግድግዳ ላይ የተሠራ ጽሑፍ አለ። በ1823 ይህ ልጅ የጨዋታውን ሕግ ከምንም ሳይቆጥር ኳሷን አቅፎ ሮጠ፣ ራግቢም ተወለደ ይላል።

ጥሩ ታሪክ ነው። ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። ወሬውን በ1876 የጻፈው ማቲው ብሎክሳም የሚባል የቀድሞ ተማሪ ነው፤ እሱ ራሱ በቦታው አልነበረም። ዌብ ኤሊስም ያኔ ሞቷል። በ1890ዎቹ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጉዳዩን መረመረ፤ በዓይኔ አየሁ የሚል አላገኘም። ጽሑፉ ግን በ1900 ተለጠፈ። ዛሬ የወንዶች የዓለም ዋንጫ በልጁ ስም ይጠራል።

በእርግጠኝነት የሚታወቀውስ? በ1845 ሦስት ተማሪዎች የጨዋታውን ሕግ በጽሑፍ አወጡ። አስተማሪ ሳይሆን ተማሪ መሆናቸውን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት ሕጉ በቃል የሚተላለፍ፣ በየጊዜው የሚሻሻል ነበር። ኳሷን የሚሠሩት በትምህርት ቤቱ አጠገብ የነበሩ ጫማ ሰፊዎች ናቸው። ውስጧ የአሳማ ፊኛ ነበር፤ ሞላላ ቅርጿም ከዚያ የመጣ ነው። ዊልያም ጊልበርት ከእነዚህ ጫማ ሰፊዎች አንዱ ነው፣ ስሙ ዛሬም ኳሱ ላይ ይታያል። በ1871 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ግጥሚያ በኤደንብራ ሲደረግ የእንግሊዝ ቡድን ነጭ ማሊያ ለበሰ። ነጩ የመጣው ከራግቢ ትምህርት ቤት እንደሆነ ይነገራል።

ጨዋታው የትምህርት ቤቱ ኩራት ከሆነ በኋላ ኳስ የማይችል ልጅ ኑሮው ከባድ ሆነ። ደራሲው ሳልማን ሩሽዲ በ13 ዓመቱ ከሕንድ፣ ከቦምቤይ ወደዚህ ትምህርት ቤት ተልኮ ነበር። ደስተኛ እንዳልነበረ፣ ዘረኝነትም እንደገጠመው ደጋግሞ ተናግሯል። እንደ እሱ አባባል የውጭ አገር ሰው መሆን፣ ጎበዝ መሆንና ስፖርት አለመቻል፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ችግሩ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሴት ልጅ ስትጨመር አስቡት።

ልጃገረዶቹ የት ነበሩ?

እስከዚያው ድረስ የእነዚህ ቤተሰቦች ሴቶች ልጆች ቤት ይማሩ ነበር፤ ኋላ ላይ ደግሞ የራሳቸው ትምህርት ቤቶች ተመሠረቱላቸው። ቸልተንሃም በ1853፣ ሮዲን በ1885። እነሱም ከወንዶቹ ብዙ ቀዱ፤ አለቆቹን፣ አዳሪ ቤቶቹን፣ የስፖርት ፍቅሩን።

የአርኖልድ የልጅ ልጆች ታሪክ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሦስቱን እህትማማቾች እንይ። ጁሊያ በ1902 ፕራየርስ ፊልድ የተባለ የሴቶች ትምህርት ቤት መሠረተች። የደራሲው አልዶስ ሃክስሌ እናት ናት። ኤተል ሴቶች የመምረጥ መብት ይኑራቸው ብላ ተከራከረች። ሜሪ፣ እውቅ ደራሲ የነበረችው፣ በኦክስፎርድ የሴቶች ኮሌጅ እንዲቋቋም ደክማለች። ይህችው ሜሪ በ1908 የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚቃወም ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ሆነች። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት መልስ! አያታቸው ይመራው የነበረው ትምህርት ቤት ግን ለሦስቱም ዝግ ነበር።

ሁሉም የእንግሊዝ ኢንዲፔንደንት ትምህርት ቤት እንዲህ ዘግቶ አልተቀመጠም። ቤዴልስ የሚባለው በ1893 ለወንዶች ተከፍቶ በ1898 ሴቶችን መቀበል ጀመረ። ያኔ እንደ እንግዳ ነገር ነው የታየው። ትልልቆቹ እሱን ለመከተል ሰባ ዓመት ጠበቁ።

በሩን የከፈተው ማርልቦሮ የተባለው ትምህርት ቤት ነው፤ በ1968። የከፈተው ግን ለ«ሲክስዝ ፎርም» ብቻ ነበር። ይህ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ለዩኒቨርሲቲ የሚሰናዱበት የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ናቸው። እኛ መሰናዶ የምንለው ዓይነት። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ቻርተርሃውስ በ1971፣ ዌስትሚንስተር በ1973፣ ራግቢ በ1975።

ለምን ከላይ ጀመሩ? ቀላል ስለሆነ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ብዙ አልጋ አይፈልጉም። የተመረጡ ጎበዞች ናቸው፣ የፈተና ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል። ካልሆነም ሳይሰማ መተው ይቻላል። ትምህርት ቤቱ ወንዶቹን ሳይቀንስ ሴቶቹን ቀመሰ እንደ ማለት ነው። የሴቶች ትምህርት ቤቶች ግን በጣም ተቆጡ። ከ11 ዓመቷ ጀምሮ ያስተማሯት ምርጥ ተማሪ፣ ውጤቷ የሚታይበት ጊዜ ሲደርስ ወደ ወንዶቹ ትሄዳለች። እውነትም አላቸው።

ልጅቷ በበኩሏ በመቶዎች በሚቆጠሩ ወንዶች መካከል ገባች። ወንዶቹ በዚያ ግቢ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ቋንቋውን፣ ቀልዱን፣ ማን የማን አለቃ እንደሆነ ያውቃሉ። እሷ ያላት ሁለት ዓመት ነው። አንዱ እስክትለምድ ያልቃል፣ ሌላው በፈተና።

ለምን በዚያ ዘመን?

ሕግ አላስገደዳቸውም። በ1975 የወጣው የጾታ መድልዎ ሕግ ለአንድ ጾታ ብቻ የሆኑ ትምህርት ቤቶችን እንዳሉ ይቀጥሉ ብሎ ነው ያለፋቸው። አሁንም መብቱ አላቸው።

ያስገደዳቸው ሌላ ነው። አንደኛ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተቀየሩ። በ1972 ሦስት የካምብሪጅ ኮሌጆች፣ በ1974 አምስት የኦክስፎርድ ኮሌጆች ከወንዶች ጋር ሴቶችን መቀበል ጀመሩ። የወንዶች ትምህርት ቤቶቹ ትልቁ ሥራ ደግሞ ልጅ ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ ማድረስ ነበር። መድረሻው ሲደባለቅ መነሻው ብቻውን ሊቀር አይችልም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የ1970ዎቹ የዋጋ ንረት ትምህርት ቤቶቹን አናጋቸው፤ በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ዋጋ በአንድ ዓመት ከ24 በመቶ በላይ ንሯል። ልጁን በ13 ዓመቱ ከቤት ማስወጣት የሚፈልግ ወላጅም እየቀነሰ ሄደ። ወንድሙንና እህቱን አንድ ቦታ ማስገባት የሚፈልገው ግን በዛ። ግማሹን የሕዝብ ቁጥር በር ላይ መልሰህ አልጋ ባዶ ሆነብኝ ማለት አያስኬድም። ስለ እኩልነት ያሰቡ ርዕሰ መምህራን አልነበሩም አልልም። ግን ሒሳቡ ባይመጣ ኖሮ ሐሳቡ ብቻውን በሩን የሚከፍተው አይመስለኝም።

ማርልቦሮ በ1989 ሙሉ በሙሉ ተደባለቀ። ራግቢ በ1992። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የመጀመሪያው የሴቶች ራግቢ የዓለም ዋንጫ የተካሄደው በ1991፣ ዌልስ ውስጥ ነው። አሜሪካ እንግሊዝን አሸንፋ ወሰደችው። እንግዲህ ስፖርቱ የተወለደበት ትምህርት ቤት የ13 ዓመት ልጃገረድ ከመቀበሉ በፊት፣ ሴቶቹ በስፖርቱ የዓለም ዋንጫ ተጫውተው ጨርሰዋል።

በ1995 ራግቢ የመጀመሪያዋን ሴት የተማሪዎች አለቃ ሾመ። ፎቶዋ ታይምስ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ አለቃ መሾም ብሔራዊ ዜና መሆኑ ምን ያህል ነገሩ እንግዳ እንደነበር ይናገራል።

ሀውስ፣ ቀሚስና ሩጫ

አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍል የሚበልጠው «ሀውስ» ነው። ሀውስ ማለት ልጆቹ የሚያድሩበት፣ የሚያጠኑበት፣ እንደ ቤተሰብ የሚኖሩበት ቤት ነው። ኃላፊ አለው፣ የራሱ ቀለም፣ የራሱ ታሪክ፣ ከሌላው ጋር የቆየ ፉክክር። አንድን የራግቢ ምሩቅ ብትጠይቁ ከትምህርት ቤቱ በፊት የሀውሱን ስም ሊነግራችሁ ይችላል።

ስለዚህ ሴቶች ሲገቡ ከባዱ ጥያቄ የክፍል ወንበር አልነበረም፤ አልጋ ነበር። አዲስ ሀውስ ተሠራ፣ አንዳንዱ የወንዶች ሀውስም ለሴቶች ተሰጠ። ከ1893 ጀምሮ የወንዶች የነበረው ቱዶር ዛሬ የሴቶች ነው። የቀድሞ ተማሪዎች በጣም የሚያዝኑት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሴት መግባቷ ሳይሆን እሱ ያደገበት ቤት የሌላ መሆኑ። ከሴቶቹ ሀውሶች አንዱ ሩፐርት ብሩክ ይባላል። ብሩክ እዚያው ከተማ ተወልዶ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተ ገጣሚ ነው። አባቱ የአንድ የወንዶች ሀውስ ኃላፊ ነበሩ።

አልባሳቱን ደግሞ እዩት። የራግቢ ሴቶች ልጆች ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ረጅም ግራጫ ቀሚስ ይለብሳሉ። ለእንግዳ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ይመስለዋል። ቪክቶሪያ በነበረች ጊዜ ግን በዚያ ግቢ አንዲትም ሴት ተማሪ አልነበረችም። ቀሚሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ሲታይ ብቻ ነው የሚያረጀው። የዌብ ኤሊስ ጽሑፍም ከ77 ዓመት በኋላ እንደተለጠፈ አስታውሱ።

ያልተቀየረም አለ። የከፍተኛዎቹ አለቆች ስብስብ ዛሬም «ሌቬ» ይባላል፤ አሁን ሴቶችም አሉበት። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ወደ ክሪክ መንደር አቅጣጫ የሚደረገው ረጅም የአገር አቋራጭ ሩጫም አለ። ክፍያ ለማይችሉ ልጆች በ2003 በአርኖልድ ስም የድጋፍ ድርጅት ተቋቁሟል። ሸሪፍ ኑዛዜውን ሲጽፍ ያሰበው ይህንኑ ስለነበር፣ ነገሩ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በጥቂቱም ቢሆን ወደ መነሻው ዞረ ማለት ይቻላል።

የቀሩት

ቻርተርሃውስ ሴቶችን ከ13 ዓመት ጀምሮ መቀበል የጀመረው በ2021 ነው። ከሲክስዝ ፎርሙ ልክ ሃምሳ ዓመት በኋላ። ዌስትሚንስተርም ሙሉ በሙሉ እደባለቃለሁ ብሎ አስታውቋል። በጥር 2025 በግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ላይ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተጥሏል። ተማሪ የመፈለጉ ጉዳይ ስለዚህ ይበልጥ እንጂ አይቀንስም። ኢተንና ሃሮው አሁንም የወንዶች ብቻ ናቸው። በ1382 የተመሠረተው ዊንቸስተር በ2022 ሴቶችን ተቀበለ፤ በሲክስዝ ፎርም ብቻ። ራግቢ በ1975 የቆመበት ቦታ ላይ ነው ያለው።